70-200 ሌንስ አጣሁ፤ ልጠብቅ፣ ያገለገለ ልግዛ ወይስ ካሜራ ልቀይር?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። ለረጅም ጊዜ በካኖን 6ዲ ማርክ 2 ስሠራ ቆይቼ አር6 ማርክ 2 ገዛሁ። የድሮውን 24-105 ሌንሴን በአዳፕተር እየተጠቀምኩ ነው። አሁን አር ኤፍ 70-200 ኤፍ/2.8 ፈልጌ አጣሁ። አንዱ ሱቅ ‹አልቋል› ይለኛል። ሌላው ‹ቀብድ ክፈልና ከዱባይ ላስመጣልህ› ይላል፤ ዋጋው ግን በየሳምንቱ ይቀያየራል። ጥር ደግሞ እየደረሰ ነው። ልጠብቅ? ያገለገለ ኢ ኤፍ ልግዛ? ወይስ ጓደኞቼ እንደሚሉኝ ሁሉንም ሸጬ ሶኒ ልግባ? ያገለገለ ከሆነስ ሲገዛ ምን ምን ይታያል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድምልህ። አትጠብቅ፤ ካሜራም አትቀይር። ያገለገለ ኢ ኤፍ 70-200 ኤፍ/2.8 ማርክ 2 ፈልግ። ኢ ኤፍ የካኖን የቀድሞው የሌንስ መግጠሚያ (ማውንት) ነው፣ አር ኤፍ ደግሞ እንደ አር6 ላሉት ካሜራዎች የመጣው አዲሱ ነው። 70-200 ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚዘረጋ ዙም ማለት ነው፤ ከኤፍ/ በኋላ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። አዳፕተሩ በእጅህ ነው፤ ትልቁ ችግርህ ቀድሞ ተፈቷል ማለት ነው። ምክንያቱን ልንገርህና ወደ አገዛዙ እንሄዳለን።

ባለሱቁ «አልቋል» ሲልህ ደብቆብህ ወይም ዋጋ ሊያንርብህ ብቻ እንዳይመስልህ። የሌንስ ገበያ ራሱ ጠቧል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን ካሜራ አምራቾች ወደ 120 ሚሊዮን ገደማ ዲጂታል ካሜራ ለዓለም አከፋፍለው ነበር። በ2023 ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ትንንሾቹን ካሜራዎች ስልክ በላቸው። ሌንስም አብሮ ወረደ፤ በ2012 ወደ 30 ሚሊዮን የነበረው በ2023 ከ10 ሚሊዮን በታች ሆነ። ፋብሪካዎቹም ስልታቸውን ቀየሩ። ጥቂት ያመርታሉ፣ በውድ ይሸጣሉ፣ መጋዘን ውስጥ ብዙ አያከማቹም። ስለዚህ የአንድ ሌንስ ተፈላጊነት ትንሽ ከፍ ሲል ወዲያው ይጠፋል።

«ታዲያ ለምን ቶሎ ብዙ አያመርቱም?» ትል ይሆናል። አንድ 70-200 ከፍተህ ብታየው መልሱን ታገኘው ነበር። ኢ ኤፍ ማርክ 2 ውስጥ 23 መስታወቶች አሉ። አምስቱ ዩ ዲ የሚባለው ልዩ መስታወት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ከነጭራሹ መስታወት አይደለም፣ ፍሎራይት የሚባል ክሪስታል ነው። ፍሎራይት እንደ ተራ መስታወት ቀልጦ የሚቀዳ ነገር አይደለም። እቶን ውስጥ ቀስ እያለ ክሪስታል ሆኖ ማደግ አለበት። ልዩ መስታወቱም ቢሆን ከቀለጠ በኋላ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ውስጡ ውጥረት ይቀርና ብርሃን ያዛባል። ከዚያ መሞረድ አለ፣ መወልወል አለ፣ ሽፋን መቀባት አለ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር በማይክሮን ልክ ማስተካከል አለ። የካኖን ትልልቆቹ፣ ኤል የሚል ምልክት ያላቸው ምርጥ ሌንሶች የሚሠሩበት የኡትሱኖሚያ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት የሰለጠኑ እጆች አሉ። እነሱን ደግሞ በትዕዛዝ ማብዛት አይቻልም።

በዚህ ላይ የጃፓን የካሜራ ኢንዱስትሪ በጥቂት ቦታዎች ላይ የቆመ ነው። በ2011 መጋቢት የመሬት መንቀጥቀጡ ሲመጣ የኒኮን የሰንዳይ ፋብሪካ ቆመ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ታይላንድ በጎርፍ ተጥለቀለቀችና አዩታያ ያለው የኒኮን ፋብሪካ ውሃ ዋጠው። በ2016 የኩማሞቶ መንቀጥቀጥ የሶኒን የሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው የካሜራ ክፍል) ፋብሪካ አስቆመ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የቺፕ እጥረት መጣ። ሌንስ መስታወት ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ የዛሬ ሌንስ ውስጥ ሞተርም ቺፕም አለ። ኒኮን በ2022 አዲሱን 800 ሚሊሜትር ሌንሱን ባስተዋወቀ ማግስት ትዕዛዙ ከአቅሜ በላይ ሆነ ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። አንተ እጅ ያለው ያ አዳፕተር እንኳ በዚያ ሰሞን በብዙ አገር ሱቆች ጠፍቶ ነበር።

እቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ደግሞ ወረፋ አለ። ጃፓን፣ አሜሪካና አውሮፓ ይቀድማሉ። እኛ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዱባይ ነጋዴ በኩል ነው። ከዚያ ዶላሩ አለ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ዋጋው በየሳምንቱ ቢቀያየርብህ አይግረምህ፤ ነጋዴው ነገ የሚተካበትን ዋጋ ነው ዛሬ የሚነግርህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው የሌንስ አቅርቦት ሲባል የሱቅ መደርደሪያ ብቻ ነው የሚታየው። ትልቁ ክምችት ግን ሰው እጅ ላይ ነው። ካኖን ኢ ኤፍ ማውንትን ያወጣው በ1987 ነው። በ2014 የተመረተው የኢ ኤፍ ሌንስ ብዛት 100 ሚሊዮን መድረሱን ራሱ አስታውቋል። ያ ሁሉ ሌንስ የትም አልሄደም። ናይሮቢ አለ፣ ዱባይ አለ፣ አትላንታ አለ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ቦርሳ ውስጥ ተኝቷል። ባለቤቶቹ ደግሞ እንዳንተ ወደ አር ካሜራዎች እየዞሩ እየሸጡት ነው። አር ኤፍ በአንጻሩ የተጀመረው በ2018 ነው። ገና ልጅ ነው፤ ያገለገለው በብዛት ወደ እኛ ገበያ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን ክምችት እንድትጠቀም የሚፈቅድልህ ቀላል የጂኦሜትሪ ነገር ነው። በኢ ኤፍ ካሜራ ላይ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊሜትር ነው። በአር ኤፍ 20 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አዳፕተሩ ልዩነቱን፣ ማለትም 24 ሚሊሜትሩን ይሞላል። ውስጡን ተመልከተው፤ ባዶ ቱቦና የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ናቸው። መስታወት የለውም። ስለዚህ የፎቶ ጥራት አይቀንስም። ፎከሱ ይሠራል፤ እንዲያውም የአር6 ማርክ 2 ዓይን የሚከተለው ፎከስ ከ6ዲህ የበለጠ ያስደስትሃል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው የሌንሱ አይ ኤስ ማረጋጊያም ከካሜራው ማረጋጊያ ጋር ተባብሮ ይሠራል። ተቃራኒው ግን አይሆንም። አር ኤፍ ሌንስ 6ዲ ላይ አይገባም። 6ዲውን አሁንም ይዘኸው ከሆነ ይህን አስበው፤ ኢ ኤፍ ብትገዛ ለሁለቱም ካሜራ ይሆንሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ኢ ኤፍ-ኤስ የሚባሉት ሌንሶች አዳፕተሩ ላይ ይገባሉ፤ ምልክታቸው ነጭ አራት ማዕዘን ነው፣ የኢ ኤፍ ቀይ ነጥብ ነው። ለትንሽ ሴንሰር የተሠሩ ስለሆኑ ካሜራህ ፎቶውን ይቆርጠዋል። 24 ሜጋፒክሰል የገዛኸው ሰውዬ በ9 ሜጋፒክሰል ገደማ ትቀራለህ። በርካሽ አገኘሁ ብለህ እንዳትሸወድ።

ስለ ሶኒ ጓደኞችህ የሚሉህ ከመሬት ተነስተው አይደለም። ሶኒ የኢ-ማውንቱን መሠረታዊ መረጃ በ2011 ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች በነፃ ከፈተ። ሲግማና ታምሮን ገቡበት፣ በኋላም የቻይናዎቹ ቪልትሮክስና ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ የሶኒ ባለቤት 70-200 አካባቢ ያለ ኤፍ/2.8 ሲፈልግ የሶኒ አለለት፣ ከ2020 ጀምሮ የታምሮን 70-180 አለለት፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የሲግማ 70-200 አለለት። ካኖን በሩን ዘግቶ ነው የቆየው። በ2022 ቪልትሮክስ አውቶፎከስ ያላቸውን የአር ኤፍ ሌንሶቹን መሸጥ እንዲያቆም አደረገ። በ2024 ለሲግማና ለታምሮን ፈቃድ ሲሰጥም የጀመረው ለትንሽ ሴንሰር በሚሆኑ ሌንሶች ነው። ይህ የካኖን አካሄድ እንደኛ ላለ ገበያ ከባድ ነው፤ ፊት ለፊት እናገረዋለሁ። አማራጭ በጠበበ ቁጥር እጥረቱ የሚመታው መጨረሻ ላይ የተሰለፈውን ነው።

ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ወጣት ቢጠይቀኝ ሶኒን በደንብ አስብበት እለው ነበር። አንተ ግን ከዜሮ አትጀምርም። አዲስ ካሜራ፣ አዳፕተርና የምታውቀው ሌንስ አለህ። ሁሉንም በጥድፊያ ስትሸጥ ትከስራለህ፣ ሶኒውን ስትገዛ በዛሬ ምንዛሬ ትከፍላለህ፣ ከዚያም ጥርን ያህል ወቅት በማታውቀው ካሜራ ትገባለህ። አይመከርም።

እንግዲህ የትኛውን? ማርክ 2 በ2010 የወጣ ነው። ማርክ 3 በ2018 መጣ፤ የመስታወት አቀማመጡ ያው ነው፣ የተቀየረው በዋናነት ሽፋኑ ነው። ስለዚህ ለማርክ 3 ብዙ ጨምረህ አትክፈል። ያገለገለ ማርክ 2 በጥሩ ይዞታ ላይ ካገኘህ ከአዲሱ አር ኤፍ ግማሽ ዋጋ በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከጠየቁህ ተደራደር ወይም ሌላ ፈልግ። የምታጣው ምንድነው? ክብደት። አር ኤፉ 1 ኪሎ ከ70 ግራም ነው፤ ማርክ 2 ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ አዳፕተሩም ይጨመራል። ከማለዳ እስከ ማታ ሰርግ ላይ ትከሻህ ያውቀዋል። ሌላው የመለዋወጫ ነገር ነው። የቆየ ሌንስ ክፍሎች አንድ ቀን መገኘታቸው ያበቃል። ይህን ሌንስ ለአራት አምስት ዓመት ሥራ ግዛው፣ ለልጅህ እንደሚወረስ አድርገህ አትግዛው።

ገንዘቡ ካልሞላልህ 70-200 ኤፍ/4 ከመግዛትህ በፊት ኢ ኤፍ 135 ኤፍ/2ን እይ። የ1996 ሌንስ ነው፤ ዙም የለውም፣ የራሱ ማረጋጊያም የለውም። ግን ካሜራህ ውስጥ ማረጋጊያ አለ። ተክሊል በንጋት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ፍላሽ ሳይፈቀድልህ፣ ከመጋረጃው ርቀህ ቆመህ ስታነሳ ኤፍ/2 ከኤፍ/4 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባልሃል። 750 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ዋጋውም ደህና ነው። በእኔ ዓይን ከካኖን ሌንሶች ሁሉ ለሰርግ ፊት ከዚህ የሚያምር ጥቂት ነው።

የት ይገኛል? መጀመሪያ እዚሁ፣ በእጅህ ነክተህ የምትሞክረው። ሙያ ላይ ያሉ ጓደኞችህን፣ ስቱዲዮዎችን፣ ካሜራ አከራዮችን ጠይቅ። አከራዮች አሮጌ እቃቸውን በየጊዜው ይሸጣሉ፤ ብዙ የሠራ ስለሚሆን ግን ረጋ ብለህ ፈትሽ። ሻጩ ደረሰኝ ወይም መታወቂያ ለማሳየት ካቅማማ ተወው፤ የተሰረቀ እቃ ገዝተህ ፖሊስ ጣቢያ አትመላለስ።

አሜሪካ ዘመድ ካለህ ያገለገለ እቃ በደረጃ ከፍለው የሚሸጡ ትልልቅ ቤቶች አሉ። ኬ ኢ ኤች አትላንታ አጠገብ ነው። ኒውዮርክ ያለው ቢ ኤንድ ኤችም ያገለገለ ይሸጣል፤ ቅዳሜ ግን ዝግ ነው። ኤም ፒ ቢ የሚሸጥልህን የራሱን እቃ ፎቶ ያሳይሃል። እነዚህ መመለሻ ቀን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ዘመድህ እቃውን ከመላኩ በፊት ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ እዛው ሳለ ቢመለስ ይሻላል። በ2025 አሜሪካ በጃፓን እቃ ላይ ቀረጥ ስትጨምር የአዲሱ ዋጋ ተወድዶ ነበር። ይህም ያገለገለ ለመግዛት ሌላ ጥሩ ምክንያት ነው። ዱባይ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ከ5 በመቶው ቫት ለቱሪስት የሚመለሰውን ጠይቅ፤ ሱቁ ሲሸጥልህ ካልመዘገበው አየር ማረፊያ ላይ አታገኘውም። አዲስ ሌንስ ከነካርቶኑ ሲገባ እንደ ሸቀጥ ሊታይ ይችላል። የሚያመጣው ሰው ደረሰኙን ይያዝ፣ አንተም ቀድመህ ጉምሩክን ጠይቅ።

የጃፓን ሻጮች በኦንላይን ብዙ ኢ ኤፍ ይሸጣሉ። «ሚንት» የሚለውን ቃል ብቻ አይተህ አትግዛ። ዝርዝሩ ውስጥ ወርደህ ፈንገስና ጭጋግ የሚሉትን መስመሮች አንብብ።

አሁን ፍተሻው። እዚህ ላይ አትቸኩል። የራስህን አር6፣ አዳፕተርህን፣ ባዶ ካርድና የስልክህን መብራት ይዘህ ሂድ። ቀን ሂድ፤ ካፌ ውስጥ በመብራት አትፈትሽ።

ሌንሱን ከካሜራ አውጣው፣ ሁለቱንም ክዳን ክፈት። የስልክህን መብራት ከኋላ አስገብተህ ከፊት በኩል ሰያፍ አድርገህ እየው፤ ከዚያ ገልብጠህ ድገም። አቧራ ታያለህ፤ ግድ የለም፣ አሮጌ ሌንስ ሁሉ አቧራ አለው። የምትፈልገው እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ ያወጣ ነገር ነው። ያ ፈንገስ ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት አገር ሌንስ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ሲከርም ይይዘዋል። ቢጸዳም ሽፋኑን በልቶት ሊሆን ይችላል። አትግዛው፤ «በትንሽ ብር ይጸዳል» ቢልህም። ሌላው ጭጋግ ነው፤ መብራቱን ስታስገባ መስታወቱ ወተት የነካው ከመሰለ ፎቶህ ሁሌ ይገረጣል። የፊት መስታወት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ፎቶ ላይ አትታይም፤ ዋጋ ቀንስባት። የኋላው መስታወት ላይ ያለች ጭረት ግን ከባድ ናት።

ማውንቱ ላይ ያሉትን ብሎኖች እይ። አፋቸው ከተበላ ወይም ጥቁሩ ቀለም ከተላጠ ሌንሱ ተከፍቷል ማለት ነው። መከፈቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ማን ከፈተው፣ ለምን የሚለውን ጠይቅ። ፊልተር የሚታሰርበት ከንፈር ከተጣመመ ወድቋል።

ከዚያ ግጠመው። በ70፣ በ100፣ በ135 እና በ200 ላይ ኤፍ/2.8 አንሳ፤ ከዚያ ሁሉንም በኤፍ/8 ድገም። ብዙ ሰው የሚረሳው ኤፍ/8ቱን ነው። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ሁሌ ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ጥያቄው የሚነሳው እንዲዘጋ ስታዘው ነው። ወደ አፐርቸሩ የሚሄደው ስስ ገመድ ከተበጠሰ ካሜራው ኢረር 01 ብሎ ይቆማል። ለነገሩ የአንተም 24-105 የመጀመሪያው ትውልድ ኤፍ/4 ኤል ከሆነ ይህ በሽታ የታወቀበት ሌንስ ነው፤ ዛሬ ማታ ቤትህ በየርዝመቱ በኤፍ/8 ሞክረው። ከጥር በፊት ማወቅ ይሻላል።

ማረጋጊያውን ለመፈተን በ200 ላይ ፍጥነቱን 1/30 አድርገህ በእጅህ አንሳ። ለስለስ ያለ ድምፅ ጤነኛ ነው። መንገጫገጭ ከሰማህ ወይም ምስሉ ስክሪኑ ላይ ከዘለለ ተወው።

መጨረሻ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ፈልግ። ቀጥ ብለህ ፊት ለፊት ቁም፣ በኤፍ/2.8 አንሳ፣ አራቱን ማዕዘን አጉልተህ እይ። ሦስቱ ጠርተው አንዱ ከደበዘዘ ውስጡ የተዛነፈ መስታወት አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም አንተ ጠመም ብለህ ቆመህ ይሆናል። ለመለየት ካሜራውን ገልብጠህ እንደገና አንሳ። ብዥታው በፎቶው እዚያው ማዕዘን ላይ ከቀረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ከዞረ ግን አቋቋምህ ነበር። ይህን ፍተሻ ስትሠራ ሻጩ ከተበሳጨ ምክንያት ይኖረዋል።

ስለ ቀብዱ ደግሞ፦ ከዱባይ ላስመጣልህ ለሚልህ ሰው ሙሉ ክፍያ አትስጥ። የሌንሱ ትክክለኛ ስም፣ ማርክ ስንት እንደሆነ፣ የሚመጣበት ቀን፣ ዋጋው በብር የተቆረጠ ይሁን ወይም በዶላር የሚሰላ፣ ካልመጣ ገንዘብህ መቼ እንደሚመለስ በወረቀት ይስፈር። ዋስትናውንም ጠይቅ፤ ሱቁ ራሱ የሚሰጥህ ዋስትና እና የፋብሪካው ዋስትና የተለያዩ ናቸው።

ከጥር በፊት ያማረ እቃ ካላገኘህ አትጨነቅና ተከራይ። ግን ዛሬ ያዝ፤ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች 70-200 ኪራይም ይጠፋል። ዋስ የሚጠይቁህ ከሆነ ዋሱን አሁን አዘጋጅ። ሌንሱን ከሁለት ቀን በፊት ወስደህ በላይ የነገርኩህን ፍተሻ አድርግበት፤ የቆየ ጭረት ካየህ አከራዩ ፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሁዳዴ ሲገባ ሰርጉ ይቆማል፣ ብዙ እቃም ሥራ ይፈታል። ያኔ ረጋ ብለህ ፈልግ፤ ለመደራደርም ያ ሰሞን ይሻላል። ስትገዛው ከቦርሳ አውጥተህ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጠው፣ አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ጨምርበት። ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ይቆይ። ክረምት ላይ ከ60 ካለፈብህ ሲሊካ ጄሉን ቀይረው።